አንዲትን የወታደር ባለቤት ስናስታውስ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በታክሲ ነጂ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)




 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የሰጠን ርዕስ «ታክሲ ነጂዎች ለማኅበራችን ያበረከቱት አስተዋጽዖ» የሚል ነበር። ስምንት ሆነን ኤርፖርት ወረፋ በምንጠብቅበት ቦታ ተሰብስበን ተወያየንበት። ወንበርና ጠረጴዛ ማመላለስ፣ ለለቅሶ የሚመጣን እንግዳ መቀበል፣ አዲስ የገባውን ወገን በየቢሮው ማድረስ፤ ከዚህ ያለፈ ብዙ የምንኮራበት ነገር አላገኘንም። ውይይቱ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ከርዕሱ ወጥተን ስለ አንዲት እናት ስናወራ ስለቆየን ነው። እንግዲያውስ ስለ እሳቸው እንናገር ብለን ተስማማን፤ ኮሚቴውም ፈቀደልን።

እኚህ እናት ባለፈው ዓመት ከዚሁ ከካፒቶል ሂል የሸኘናቸው ናቸው። ብዙዎቻችሁ ቀብራቸው ላይ ነበራችሁ። ልጆቻቸው ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለጠየቁን «እማማ» እያልን እንቀጥላለን፤ በሕይወት ሳሉም ከዚህ ሌላ ጠርተናቸው አናውቅም። የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤትና የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። ሁለተኛው ልጃቸው የእኛው የሥራ ባልደረባ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ግን እሱ አይናገርም፣ እኛ እንናገርለታለን።

ስለ ጦርነትና ስለ ሴት ሲነሣ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጡ ታላላቅ ስሞች አሉ። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ አስይዘው የጣሊያንን ጦር በጥም እንዳስጨነቁት ሁላችንም ተምረናል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጣሊያኖች ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል። ባል የሞተባት ሴት ጥቁር ለብሳ ትቀመጥ በሚባልበት አገር እሳቸው ጠመንጃ አነሡ። እንዲህ ያለው ታሪክ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ጠመንጃ ያላነሡትስ? በጥንቱ ዘመቻ ሠራዊቱ ሲንቀሳቀስ ሴቶች አብረው ይጓዙ ነበር። እህሉን የሚፈጩት፣ ውኃውን የሚቀዱት፣ ቁስለኛውን የሚያስታምሙት እነሱ ነበሩ፤ ያለ እነሱ ሠራዊት ሦስት ቀን አይቆምም። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ኋላም ደመወዝተኛ ሠራዊት እየተስፋፋ ከመጣ ወዲህ ግን ሚስት ከሠራዊቱ ኋላ መከተሏ ቀረና ሥራዋ በጦር ሰፈር ተቀምጦ መጠበቅ ሆነ። መጠበቅ ደግሞ ሥራ ነው ብሎ የሚመዘግብ ጸሐፊ የለም። ሜዳሊያም የለውም። እማማ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርተውታል።

ታሪካቸውን የምናውቀው ከአፋቸው ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ቡና ላይ፣ ቁርጥራጩን እየለቀምን። ሐረር ተወልደው አደጉ። በ1966 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው የአንበሳው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ባልደረባ የሆነ ወታደር አገቡ። «ያገባሁት ሰውዬውን ነው፤ መንግሥት ተለወጠና ሌላ አለቃ መጣበት እንጂ እሱ ያው ሰው ነበር» ይሉ ነበር። የሶማሊያ ጦር በ1969 ክረምት ወረራውን ጀምሮ በ1970 መባቻ ጅጅጋ ስትያዝና ጠላት ወደ ሐረር ሲጠጋ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ከጦር ሰፈሩ ሴቶች ጋር በሶና ድርቆሽ ሲያዘጋጁ ሰነበቱ። ጅጅጋ በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከካራማራ ድል ጋር ተመልሳ ተያዘች። ሃምሳ አለቃው ያኔ ገና አሥር አለቃ ነበሩ፤ ክንዳቸው ላይ ቆስለው ተመለሱ። እማማ ስለ ካራማራ ሲጠየቁ የሚያነሡት ድሉን አልነበረም። ቁስሉን በሙቅ ውኃና በጨው ስንት ቀን እንዳጠቡት ነበር የሚነግሩን።

ከዚያ ወደ አስመራ ተዛወሩ። ጓዛቸው ሁለት ሻንጣና አንድ ምጣድ ነበር። የወታደር ሚስት ኑሮ ምን እንደሚመስል ያወቅነው እዚህ ላይ ነው። ባል ግንባር ላይ ነው፤ የደመወዙን ግማሽ በውክልና ሚስት ትቀበላለች። በዚያች ገንዘብ ልጅ ይማራል፣ ለባል እናት ይላካል፣ ስንቅ ይዘጋጃል። ደብዳቤ በወር አንዴ ቢመጣ «ለጊዜው ደህና ነኝ» ከሚል ብዙ አያልፍም፤ የት እንዳለ አይጻፍም። ሴቶቹ የሚያውቁት ከመኪናው ነው። የጦር ሰፈሩ አምቡላንሶች ሌሊት ሲበዙ ቀን ቀን ማንም አይስቅም። አንዷ መርዶ ሲደርሳት የቀሩት ወጥ ሠርተው፣ ልጆቿን ተከፋፍለው ወስደው፣ ቤቷን ለለቅሶ ያዘጋጃሉ። በማግስቱ ደግሞ የየራሳቸውን በር ማየት ይጀምራሉ።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ሲደመሰስ ሃምሳ አለቃው ተርፈው ወጡ። የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ከውጊያው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በራሱ መንግሥት መረሸናቸውን እዚህ ያላችሁ አባቶች ታስታውሱታላችሁ። እማማ ይህን ሲያነሡ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር፤ በሲያትል፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ! «ከፊትም ከኋላም ተኩስ ያለበትን ሰው ነበር የምንጠብቀው» አሉን።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ተያዘች። ሃምሳ አለቃው እዚያ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ደብዳቤ አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም። እማማ የክፍሉ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆመው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «አልታወቀም» የሚል አንድ ቃል ነው። ምፅዋ ከተያዘች በኋላ አስመራ ከየብስና ከባሕር ተቆርጣ በአውሮፕላን ብቻ ስትቀለብ፣ ውኃ በጀሪካን እየተራኮቱ፣ መብራት በሌለበት ከተማ ሦስት ልጆች ይዘው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቆዩ። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አስመራ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ የወታደር ቤተሰቦች ውጡ ተባሉ። እማማ በደቀመሐሬና በሰንዓፈ አድርገው በዛላምበሳ በኩል አዲግራት ደረሱ፤ የበለጠው መንገድ በእግር ነው። ትንሹ ልጅ አምስት ዓመቱ ነበር። ምጣዱን ሰንዓፈ ላይ ለዳቦ ለወጡት።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር መናገር አለብን። ያን ጊዜ ከእኛ አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ያለን የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጆች ነበርን። በ1983 ክረምት የተበተነው ሠራዊት በየመንደሩ ሲገባ አይተናል። ወታደሮች የደንብ ልብሳቸውን ገልብጠው ለብሰው በየበሩ ዳቦ ይለምኑ ነበር። እኛ ከኋላቸው እየሮጥን «የደርግ ወታደር!» እያልን ጮኸንባቸዋል። የከለከለን ትልቅ ሰው ጥቂት ነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባን፤ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በተማሪዎች ዐመፅ ጊዜ ከግቢ ወጣን፤ በሞያሌ አድርገን ናይሮቢ፣ ከናይሮቢም እዚህ። ዲግሪያችንን ሳንጨርስ መንጃ ፈቃዳችንን የጨረስን ሰዎች ነን። ስለ መንግሥታት ብዙ አንብበናል፣ ብዙም ተከራክረናል። ያ ለማኝ ወታደር ሚስትና ልጅ እንዳለው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎን አያውቅም። ይህ መድረክ የፖለቲካ መድረክ አለመሆኑን እናውቃለን፤ ደርግንም ለማመስገን አልቆምንም።

እማማ ከመጠለያ ወጥተው ሻይና ቆሎ እየሸጡ ሦስቱንም ልጆች አስተማሩ። ልጃቸው ከእኛ ጋር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከእኛ ጋር ሲሰደድ «ሁለተኛ ወንድ ከቤቴ ወጣ» ብለው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል። በ2001 ዓ.ም. እሱ አመጣቸውና እዚህ 12ኛው ጎዳና አጠገብ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት አብረው መኖር ጀመሩ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቡና ልንጠጣ ስንሄድ ከመካከላችን አንዱ እንደ ቀልድ «የደርግ ቤት እንሂድ» አለ። ሰምተዋል። ሲኒውን ሞልተው እየሰጡት «የደርግ ቤት ሳይሆን የሃምሳ አለቃ ቤት ነው፤ ደርግ ቤቴ ገብቶ አያውቅም» አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ቀልድ የደገመው የለም።

ከባድ የነበረው ግን ሌላው ነው። አንድ አባታችን፣ ዛሬም በመካከላችን ያሉና ይህን እንድንናገር የፈቀዱልን፣ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በቀይ ሽብር ተገድሎባቸዋል። አስከሬኑን አላገኙም። እኚህ ሰው እማማ ባሉበት ስብሰባ አይቀመጡም ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ አልሰጧቸውም። እማማም ምክንያቱን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን በአንድ ክርስትና ቤት ጎን ለጎን መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። እሳቸው ዞር ብለው፣ «ባለቤትዎ በ70 የት ነበሩ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ካራማራ» አሉ እማማ።

«የእኔ ወንድም አዲስ አበባ ነበር።»

«ተቀበረ?»

«አልተገኘም።»

እማማ የያዙትን ሲኒ አስቀመጡና «የእኔም» አሉ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ወዳጅ ሆኑ ብለን ብንነግራችሁ ውሸት ይሆናል። ሰላምታ ግን ተጀመረ። እማማ ባረፉም ጊዜ እኚህ አባት ሦስቱንም ቀን መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ልጃቸው የሌሊት ተራ ነጂ ነበር፤ ብዙዎቻችን የሌሊት ነን። እማማ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን እሱ ሳይገባ አይተኙም። መብራታቸው ከመንገድ ይታያል። «ወታደርና ታክሲ ነጂ አንድ ነው፤ ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይታወቅም» ይሉናል። ስለዚህም ማናችንም ከእሳቸው ቤት ስንቅ ሳንይዝ ወጥተን አናውቅም። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ አንዳንዴም በበርበሬ የታሸ ድርቆሽ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ይሰጡናል። ያው ለሐረርና ለአስመራ ግንባር ይቋጥሩት የነበረው ነው። የሐረር ልጅ ናቸውና በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ጓደኞቻችን የሚያፈጥሩበትን ሳምቡሳ እየጠበሱ ይልካሉ፤ ሳምቡሳቸውን የቀመሰ ከሱቅ አይገዛም። ኡበር መጥቶ ገበያችን በተመታ ጊዜ፣ ብዙዎቻችንም የመኪና ዕዳ ከብዶን ወደ ሌላ ከተማ ልንሄድ ባሰብን ጊዜ፣ ደብተራቸው ላይ የቤት ኪራይ ያጠረውን ሰው ስም እየጻፉ ከአንዱ ለአንዱ ያዋጡ ነበር። ያን ደብተር ልጃቸው አሳይቶናል። የሁላችንም ስም አለበት።

በግንቦት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በዚሁ በሰፈራችን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ ሰልፉ ፓይን ጎዳና ላይ፣ ፖሊስ ጣቢያው አጠገብ፣ ለብዙ ሌሊት ቀጠለ። አስለቃሽ ጭስ ነበር፤ የሚፈነዳ ነገር ነበር፤ ሄሊኮፕተር ነበር። እማማ ያሉት ከዚያ ጥቂት ብሎክ ርቀው ነው። እኛ ስልክ ስንደውል ይደነግጣሉ ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን መታጠቢያ ገንዳውን በውኃ ሞልተዋል፤ ፍራሹን ከመስኮት አርቀው ኮሪደር ላይ አንጥፈዋል፤ አልፎ ተርፎም ጎረቤታቸው የሆነችውን አሜሪካዊት አሮጊት አምጥተው አብረዋቸው አስተኝተዋል። በቋንቋ አይግባቡም፤ ተያይዘው ሲጸልዩ አደሩ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ደወሉና «ዛሬ ማታ በፓይን በኩል እንዳትመጡ» አሉን። ውኃው ለምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ «ተኩስ ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠፋው ውኃ ነው» አሉ። እዚህ አገር ውኃ አይጠፋም ብለን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ገንዳውንም ያስለቀቁት ሰልፈኞቹ ይዘውት የነበረው ቦታ ከተለቀቀ በኋላ፣ በሐምሌ ወር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልንነግራችሁ የፈለግነው ግን ስለ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ከሃያ ዓመት በኋላ ስልክ ተከፈተ። ያን ሳምንት ብዙ ሰው ለጠፋ ዘመዱ ሲደውል ነበር። እማማ አንድ ማለዳ አራታችንን ጠርተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጡንና አንዲት ያረጀች ወረቀት አወጡ። አስመራ ጎረቤታቸው የነበሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት በ1983 ሲለያዩ የሰጧቸው የስልክ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ተለውጦ ስለነበር ከሰው ወደ ሰው እየጠየቅን በአምስተኛው ቀን የሴትዮዋን ልጅ አገኘን። እናትየው ዐርፈዋል። ልጅየው ግን እማማን አስታወሰ፤ «አምባሻ ትሰጪኝ ነበር» አላቸው። ስለ ሃምሳ አለቃው ጠየቁት። ምፅዋ ላይ የተማረኩ፣ የሞቱም ብዙ ነበሩ፤ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሁለቱም ተላቀሱ። ስልኩ ሲዘጋ እማማ «ሞቷል አላለም» አሉ። አራታችንም መሬት መሬት አየን።

በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ በር ሲከፈት በእግራቸው የወጡበትን መንገድ በቴሌቪዥን አዩ። በሩ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። «አሁን ደግሞ የማናት ልጅ ናት በር በር የምታየው?» ብለው ጠየቁን፤ በዚያ ቀን ቤታቸው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሆነን ስለ ጦርነቱ ስንከራከር የነበርነው እኛ ዝም አልን።

ልጆቻቸው አንድ ጊዜ የአባታቸውን ተዝካር ለማውጣት ተመካክረው ነበር። ትልቋ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ ነገሯን ስታነሣ እማማ፣ «መርዶውን ማን አረዳችሁ? ያልተረዳሁትን ሰው እናንተ አትግደሉብኝ» አሉ። በዚሁ ቀረ። ሃምሳ አለቃው በሕይወት ቢኖሩ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እማማ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ሂሳብ ከእኛ ይሻሉ ነበር።

እማማ ሲያርፉ አገልግሎቱን የመሩት ቄስ፣ ለጸሎት የሚጠራውን የክርስትና ስም ሊጽፉ ልጃቸውን ጠሩት። የእማማን ስም ከጻፉ በኋላ «የአባትህንስ? አብሬ ላስገባው?» ብለው ጠየቁት። ከሙታን ጋር ማለታቸው ነው። እኛ ከኋላው ቆመናል። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ፣

«አባ፣ እሷ በየዓመቱ ስሙን ለእርስዎ ትሰጥ ነበር አይደል?» አለ።

«አዎን።»

«የት ነበር የምታስጽፈው?»

ቄሱ ጥቂት ዝም አሉና «ስለ መንገደኞች በሚጸለየው ላይ ነበር» አሉት።

«እንግዲያው እዚያው ይቆይ» አለ።